የበረሃ ቀዳዳ በደጋ ቤት

ከቤት የወጣሁት ማሞቂያ ልመርጥ ነው። ለእናቴም ያልኳት ይህንኑ ነው። ሌላም ጉዳይ ነበረኝ፤ የወንድሜን ዕቃ ከአባይ በረሃ ማምጣት። እሱን አልነገርኳትም።

ወንድሜ ይበልጣል የመንገድ ጥገና ላይ ሮለር ይነዳ ነበር። ለዓመታት የኖረው ከደጀን ቁልቁል፣ በረሃው ውስጥ ነው። ከደመወዙ እየቆጠበ ደብረ ማርቆስ ዳርቻ ላይ የብሎኬት ቤት ሠራልን። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ፣ ኮርኒሱ ሳይገባ፣ ወባ ይዞት ሞተ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። አርባውን አውጥተን እኔና እናቴ ወደ አዲሱ ቤት ገባን።

ቤቱ ይበርዳል። ይበልጣል በየክፍሉ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ትይዩ ለትይዩ መተንፈሻ ቀዳዳ እንዲተው ግንበኛውን አዝዞት ነበር። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። በረሃ ለሚኖር ሰው ይህ ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን ኅዳር ሲገባ ውርጩ በዚያው ገብቶ እኛው ላይ ያድራል። እናቴ ማሳል ጀመረች። ልዝጋው ስላት፣ «ልጄ የከፈተውን ማንም አይዘጋውም» አለች። ሁለተኛ አላነሳሁባትም። ቀዳዳዎቹ ሳይነኩ እሷን የሚያሞቅ ነገር ካለ ብዬ ወጣሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ ጠዋት

መጀመሪያ የሄድኩት ጋሽ ሰይድ ሱቅ ነው። የቆርቆሮውን ሚስማር ይበልጣል የገዛው ከእሳቸው ነበር። ገና ሳያቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። ፈጣሪ ያጽናችሁ አሉ፤ እጄንም ቶሎ አልለቀቁትም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ አውርደው ሰኩልኝ። ሽቦው ቀስ እያለ ቀላ። እጄን አስጠጋሁ፤ ይሞቃል። ኤሲ የሚባለውስ አልኳቸው። እሱ በብርድ ያሞቃል፣ በሙቀት ያቀዘቅዛል፣ ሆቴሎች ናቸው የሚያዝዙት አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ተውኩት። ከዚያ ስለ ቤቱ ጠየቁኝ። ኮርኒስ አለው? የለውም። ክፍት ቦታስ? አለው፤ በየክፍሉ።

ማሞቂያውን ነቀሉት።

«እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ብትገዛኝ ደስ ይለኛል» አሉ። «ግን በዚህ የምታሞቀው ጎረቤትህን ነው። ቀዳዳውን ዝጋና ና።»

እናቴ እንደማትፈቅድ ነገርኳቸው። እንግዲያው እሳት ነው የሚያዋጣችሁ፤ ደጀን ውስጥ ከወፍራም ላሜራ ምድጃ የሚሠሩ በያጆች አሉ፤ ጭሱ በቧንቧ ይወጣል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ አያስጨንቃችሁም አሉኝ። አመስግኜ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ከደብረ ማርቆስ በደጀን ቁልቁል

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ጋቢ በሹራብ ላይ ደርቤ ነበር። መስኮቱ እስከ ላይ አይዘጋም። ከአምበር ጀምሮ ሰው ሁሉ ጤፍ እያጨደ ነው፤ አንዳንዱ ከምሮ ጨርሷል። ሉማሜ ላይ ወርደን ሻይ በዳቦ ጠጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ስለ ማዳበሪያ ይከራከሩ ነበር። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ደጀን ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ይበልጣል ከበረሃ ወጥቶ የጭነት መኪኖቹ የሚቆሙበት ጠብቆኛል። ልብሱ አስፋልት አስፋልት ይሸታል። ምሳ በልተን፣ እሱ ሲያወራ እኔ ስሰማ፣ ይመሽና ወደ ታች ይመለሳል። ከዚያ ቦታ በታች እኔ አልፌ አላውቅም። አሁን እዚያው ቆምኩ። የትኛው መኪና ላይ እንደሚወጣ እንኳ አላውቅም። ሰው መጠየቅ ነበረብኝ።

አንድ አይሱዙ አገኘሁ። ረዳቱ ጋቢዬን አየና ሳቀ።

«አንተ፣ ይኼን እዚሁ አስቀምጠው። ታች ይቀቅልሃል።»

«ስመለስ ይበርደኛል» አልኩት።

«ተቀቅሎ የተመለሰ ሰው አይበርደውም» አለ። ሾፌሩም ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ይበልጣል ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። መጀመሪያ ጋቢውን አወለቅሁ፣ ከዚያ ሹራቡን። ዝንጀሮዎች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው መኪና ይቆጥራሉ። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነው። ጥገና ላይ ያለ መንገድ ስናልፍ ቆሞ የነበረ ሮለር አየሁ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አባይ በረሃ

የሠራተኞቹ መኖሪያ በመደዳ የቆሙ የቆርቆሮ ክፍሎች ናቸው። የተቀበሉኝ ጋሽ ታከለ ናቸው፤ ለሠራተኛው የሚያበስሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰውዬ።

«የይበልጣል ወንድም ነህ» አሉኝ፤ ገና ሳልናገር። «አረማመድህ ነገረኝ።»

ውሃ ሰጡኝ። ጠጥቼ ሳልጨርስ በላብ ወጣ። ቀና ስል በእያንዳንዱ ክፍል ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ አለ፤ ትይዩ ለትይዩ። የኛው ቤት ቀዳዳ ነው።

«ወንድምህ ነው ያስቀደደን» አሉ። «እሱ ሳይመጣ እዚህ ሰው አይተኛም ነበር፤ ይጠበስ ነበር እንጂ። ነፋስ መንገድ ይፈልጋል ይል ነበር።»

ይበልጣል ለቤታችን ያሰበው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያውቀውን መልካም ነገር ነው የሰጠን። ደጋው እንዴት እንደሚበርድ ረስቶት ነበር።

የእሱ ክፍል መጨረሻው ነው። በሩን ሲከፍቱት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከሌሎቹ ይልቅ ይጨልማል። ቀና አልኩ። ሁለቱም ቀዳዳዎች በጆንያ ተወትፈዋል። አልጋው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኋቸው።

ጋሽ ታከለ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«ወባው ሲነሳበት ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። «እኛ ደረታችንን ገልጠን ላባችን ይወርዳል፤ እሱ በረደኝ ይላል። የኛን ሁሉ ሰብስበን አለበስነው። ይኼን ደግሞ ከደጀን አስገዛንለት። ቀዳዳውን ዝጉልኝ አለ። እነዚህን፣ በገዛ እጁ የቀደዳቸውን። ወተፍኩለት። አሁንም ይገባል አለኝ። ሌላ ጆንያ ጨመርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መኪና ስናገኝ ወደ ደጀን አወጣነው። የቀረውን ታውቀዋለህ።»

ጆንያውን ላወጣው እጄን ዘረጋሁ። ተውኩት።

ያን ሌሊት ውጭ፣ ጋሽ ታከለ አጠገብ አደርኩ። ጠዋት ብርድ ልብሱን፣ ጫማውንና ሬዲዮውን ይዤ በመጣሁበት ዓይነት መኪና ወጣሁ። ሽቅብ ስንወጣ ያወለቅሁትን እንደገና ለበስኩ።

ደጀን፣ ስመለስ

በያጁ የተሠሩ ምድጃዎች በሩ ላይ ደርድሯል። እግር አላቸው፣ የሚዘጋ በር አላቸው፣ ከላይ ደግሞ ቧንቧ የሚሰካበት አንገት። ለጠጅ ቤት ነው ወይ አለኝ። ለእናቴ አልኩት። የያዘውን መዶሻ አስቀመጠና መካከለኛውን መረጠልኝ፤ ትልቁ እንጨት ይበላል አለ። ቧንቧው የሚወጣበት ግድግዳ መብሳት እንደሚያስፈልግ ሲነግረኝ፣ «ቀዳዳ አለን» አልኩት። ስፋቱን በእጄ አሳየሁት። ይበቃል፤ በዙሪያው ያለውን በጭቃ ድፈነው አለ።

የሚኒባሱ ረዳት ለምድጃው የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። ሆድ አለው፣ አንገት አለው፣ ሰው እንጂ ዕቃ አይደለም አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ከፈልኩ።

በመንገዱ ሁሉ ሳስብ የነበረው ለእናቴ የምነግራትን ነው። ብነግራት ያማታል፤ ባልነግራት በብርድ ታልቅብኛለች። ደጋ ላይ ቤት ለምትሠሩ ግን ይህን ልበል፤ ማሞቂያ ከመምረጣችሁ በፊት ብርዱ በየት በኩል እንደሚገባ እዩ። እኔ የተማርኩት ይህን ነው። ለመማር ግን እስከ በረሃ መውረድ ነበረብኝ።

ቤት

እናቴ ምድጃውን ዞራ አየችው። በሩን ከፍታ ዘጋች። ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን አየች።

«ይኼስ?»

«የይበልጣል ነው።»

«የት ሄደህ ነበር?» አለች። ቀጥላ፣ «እዚያ በረሃ ላይ ብርድ ልብስ ምን ይሠራለታል?»

ነገርኳት። እየቆራረጥኩ ነው የነገርኳት። መንቀጥቀጡን፣ በረደኝ ማለቱን፣ ቀዳዳውን ዝጉልኝ ማለቱን። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ዘጉለት?»

«ዘጉለት፣ እምዬ። ጋሽ ታከለ የሚባሉ ሰው።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች።

ተነሥታ ወንበር እየጎተተች ለይበልጣል ወደታሰበው ክፍል ገባች። ማንም አይተኛበትም፤ አልጋም የለው። ነገ ጭቃ አስቦክቼ ሁሉንም እንደምደፍን፣ የሳሎኑን አንዱን ብቻ ለቧንቧው እንደምተው ነገርኳት።

«ጭቃው ነገ ነው» አለች። «ዛሬስ?»

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። እሷ ብርድ ልብሱን እያጠፈች አቀበለችኝ፤ እኔ ወተፍኩ። ከታች ሆና መዳፏን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ነፋሱን ትፈልጋለች።

«አሁንም ይገባል» አለች።

ጋቢዬን አውልቄ ጨመርኩ።