ሰነፉ ፊልምና አባቴ

አባቴ መርካቶ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ዝም ብሎ የተቀመጠበትን ቀን አላስታውስም። እኔ ደግሞ ከፎቶ ፊልም ሁሉ መርጬ የወደድኩት በመብራት ግድግዳ ላይ የሚታየውን የስላይድ ፊልም ነበር፤ ያውም ዘገምተኛውን። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ፊልም የሚሸጡልኝ ሽማግሌ «ሰነፉ» ይሉት ነበር። ብርሃን ቶሎ አይጠግብም፤ ቀለሙ ግን ጉድ ነው።

በዚያ ፊልም አባቴን ከነጨርቆቹ ማንሳት አማረኝ። ሱቁ ጨለም ስለሚል ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሞ፣ አባቴ ሁለት ሰከንድ መርጋት ነበረበት። ሁለት ሰከንድ ብቻ!

«አባዬ፣ እንዳትነቃነቅ። ፊልሙ ዘገምተኛ ነው።»

«መርካቶ ውስጥ ዘገምተኛ ዕቃ? አይሄድልህም ልጄ» አለና ሳቀ። ወዲያው ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ስትል፣ «ግቢ፣ እናቴ! ምን ልቁረጥልሽ?» ብሎ ብድግ።

ፊልሙ የሚታጠበው ውጭ አገር ተልኮ ስለነበር ጥፋቱን ያየሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። አቡጀዲ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ በፕሮጀክተር ሳበራው የጨርቁ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አባቴ ግን የለም፣ ጥላ ብቻ። እኔ በንዴት ስቃጠል እሱ፣ «ቀይዋ ጣቃ እንዴት አምራለች!» ይላል። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግሞ ተነሳብኝ።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ፊልም ልገዛ ስሄድ ሽማግሌው፣ «ቀርቷል፤ ፋብሪካው አቁሟል» አሉኝ።

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ማን ይጠብቀዋል? ፀሐይ ይፈልጋል፤ ማጠቢያው እዚህ የለ። ሰው ጠዋት ፎቶ ተነስቶ ከሰዓት ይፈልገዋል። ፈጣኑ ፊልም ገበያውን ወሰደበት፤ የተረፈችውን ዲጂታሉ ጨረሳት። ለአንተና ለሁለት ሦስት መሰሎችህ ብሎ ፋብሪካ ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

የነጋዴ ልጅ ነኝና ነገሩ ገባኝ። ግን ከፋኝ።

በዚያው ዓመት አባቴን ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ወንድሜ ሱቁን ያዘ፤ አባቴ በየጠዋቱ እየመጣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን አዲሷን ዲጂታል ካሜራ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ደንበኛ አልፋው ገባች። ቀና አለ፣ ሊነሳ ወንበሩን በደህናው እጁ ጨበጠ፣ ከዚያ ተወው።

«በል አንሳኝ» አለ፣ ቃሉ እየተጎተተ። «ዛሬስ አልነቃነቅብህም።»

አነሳሁት። የፊቱ መስመር ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ምነው ብድግ ብሎ ባበላሸብኝ ብዬ አለቀስኩ።