ባዶዋ የመርፌ ካርቶን

ያችን ሴትዮ እዩዋት፤ የባሏን ኮት በነጠላዋ ላይ ደርባ ከአንዱ ፋርማሲ ወጥታ ወደ ሌላው የምትገባዋን። ባሏን ከሃላሌ አምጥታ ሶዶ ሆስፒታል አስተኝታዋለች። የልቡን ደም ስር የዘጋው የረጋ ደም በመድኃኒት ሟሟለት፤ ተመልሶ እንዳይዘጋ ግን ደም የሚያቀጥን መርፌ "ከውጭ ግዢ" ተባለች። ለምልክት የሰጧትን ባዶ ካርቶን እንደ ጫጩት በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"እንደዚህ ያለ አለ፣ ልጄ?"

መደርደሪያውን የፊት ቅባትና የፀጉር ቀለም ሞልቶታል። ፋርማሲስቱ ሌላ ብልቃጥ አወጣ። "ያንቺው መርፌ ሆድ ላይ፣ ቆዳ ስር የሚወጋው ነው፤ እሱ የለም። ይሄም ደም ያቀጥናል፤ ግን በግሉኮስ ነው የሚሰጠው፣ ደሙም ቶሎ ቶሎ መመርመር አለበት። ምርመራው እዚያ አለ፣ እናቴ?"

"ማሽኑ ተበላሽቷል አሉኝ።"

"እንግዲያው ያንኑ ፈልጊ።"

ፈልጊ! እና እስካሁን ምን ስታደርግ የዋለች መስሎት ነው?

ካርቶኑን ኮቱ ኪስ ስትከት ተጋምሶ የቀረ የጨጓራ ክኒን ወደቀ። ደረቱን ሲያቃጥለው ከርሞ፣ ጨጓራ ነው ብላ ራሷ የገዛችለት ነው። አነሳችው፤ አቧራውን አራግፋ መልሳ ከተተችው። መጣል አቅቷታል።

አሁን ቀጣዩ ፋርማሲ ደርሳ ከሰልፉ ኋላ ቆማለች። አትጋፋም፤ "ቸኩያለሁ" ማለትም ታፍራለች። እናንተ ለጉንፋን ሽሮፕ የተሰለፋችሁ፣ ዞር በሉና እዩዋት። እባካችሁ፣ አሳልፏት።