ለአረፋ አትምጣ ያልኩት

ባሌ ሳዑዲ ከሄደ አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል፣ ለሶላት ስታጠብ እጄ ፊንጢጣዬ ዙሪያ ትንንሽ፣ ሻካራ እባጮች ነካ። አያመኝም፤ ያሳክከኛል እንጂ። ልጆች ሳለን ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ይወጣበታል ይሉን ነበር። እኔ ኮከብ አልቆጠርኩም። የቆጠርኩት ቀን ነው፤ ለአረፋ እመጣለሁ ብሎኝ ነበርና።

ለእጅ ኪንታሮት የምናውቀው መድኃኒት የቁልቋል ወተት ነው። እኔም ጎበዟ፣ ከአጥሩ ሰብሬ እዚያው ላይ ቀባሁት። ወላሂ፣ የቀባውን እጄን ሳይሆን ያሰበውን ጭንቅላቴን ነው የረገምኩት። ሦስት ቀን መቀመጥ አቃተኝ። አማቴ "ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ቆመሽ የምትበይው?" ስትለኝ፣ ወገቤን ነው አልኳት።

ከሚሴ ውስጥ ጤና ጣቢያ ስትገቢ ያየሽ ሰው ካለ፣ ባጃጁ ቤትሽ ሳያደርስሽ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል። ቢሆንም ቁስሉ አስገደደኝና ሄድኩ። ያየችኝ ነርስ ልጅ እግር ናት። ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሁለተኛ ቁልቋል እንዳትነኪ። ይሄ በቫይረስ የሚመጣ ኪንታሮት ነው። ካንሰር አይደለም፤ ይታከማል፣ ግን ሊመላለስ ይችላል" አለችኝ።

በምን እንደሚተላለፍ ስጠይቃት፣ አብዛኛውን ጊዜ በግንኙነት ነው አለች። እኔ ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም፤ እሱ ደግሞ ከሄደ ስንት ጊዜው። ፊቴን አይታ ነው መሰል፣ "ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። መቼ እንደያዘሽ፣ ከማን እንደያዘሽ የሚነግርሽ ምርመራ የለም" አለች። ቁስሉ ሲሽር ሕክምናውን እንድንጀምር፣ የማህፀን በር ምርመራም እንዳደርግ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

እሷን አመንኳት። የፈራሁት እሱ አያምነኝም ብዬ ነው። ለአረፋ ይመጣል፣ ያየዋል፣ "በሌለሁበት ምን ሠራሽ?" ይለኛል፤ ትዳሬ አበቃ። ደወልኩና "የዘንድሮው ይቅርብህ፣ ለከርሞ ይሻላል" አልኩት። "እሺ፣ አንቺ ካልሽ" አለኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሣጥን ከፍቼ ሽርጡን አወጣሁ። አጥቤ ስላስቀመጥኩት እሱን እሱን አይሸትም፤ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። ምነው ባላጠብኩት አልኩ። አቅፌው ተቀመጥኩ። እንደዚያን ቀን ናፍቆኝ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት አማቴ ዱዓ ወሰደችኝ። በእኛ አገር ወዳጃ በምንለው የዱዓ ስብሰባ ላይ ጭንቅ ያለበት ሰው ሐጃውን፣ የልቡን ጉዳይ፣ ይናገራል፣ የተሰበሰበው ሁሉ አሚን ይልለታል። ተራዬ ሲደርስ እኔ ምን ብዬ ልናገር? አማቴ ቀደመችኝ። "የዚች ልጅ ሐጃዋ ባሏ ነው። አላህ ለአረፋ በሰላም ያምጣላት" አለች።

ቤቱ ሙሉ "አሚን" አለ። አትምጣ ያልኩት ሰው እንዲመጣልኝ ያ ሁሉ ሽማግሌ እጁን ዘርግቷል። እኔም አሚን አልኩ። የምር ነበር ያልኩት፤ እንባዬ እየወረደ።

በማግስቱ በድምፅ መልእክት ሁሉንም ነገርኩት፣ ቁልቋሉን እንኳ ሳላስቀር። ከዙሁር እስከ መግሪብ መልስ የለም። አለቀልኝ ብዬ ስልኩን መሶቡ ላይ ጥዬ ተነሣሁ። ከመግሪብ በኋላ መልሱ በድምፅ መጣ።

"እኔም ሳልሄድ በፊት ወጥቶብኝ ነበር። በፈረስ ጭራ አስሬ ጣልኩት። አፍሬ አልነገርኩሽም። አፉ በይኝ።"

ደጋግሜ ሰማሁት። እኔ ስንት ሳምንት ያረርኩበትን ነገር እሱ በጭራ አስሮ፣ አፉን ዘግቶ አውሮፕላን ተሳፈረ! ከየት እንዳመጣው ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊቱን ሳላይ እንዴት እጠይቀዋለሁ? ድምፁ ብቻ አልበቃኝም።

"ለአረፋ ና" አልኩት። "መጥተህ ፊት ለፊት እንጣላ።"