ጨረቃው
ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ በተባለ በዓመቱ ጠፈር ሶዶ ድረስ መጣ። የመጣው በጭነት መኪና ነው። ከገበያው በላይ ያለ አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ተከራዩለትና በሩ ላይ «የጠፈር ሳይንስ ማዕከል» የሚል ጨርቅ ሰቀሉ። መግቢያው ለተማሪ አምስት ሳንቲም ነበር። በዝቶበታል።

እኔ ያኔ ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው ጉኑኖ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ፣ ቤታችን አማርኛ ብቻ የሚነገርበት፣ በዚህም አማርኛዬ ደረቴን የምነፋ ጎረምሳ ነበርኩ። ልጆቹን በእህል መኪና አሳፍሬ ማዕከሉን ላሳያቸው ስነሣ አንድ አባት አብረውን ወጡ። ልጃቸው ከክፍሉ አንደኛ ናት። ዘመድ አዝማድ ግን «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» እያለ ስለነዘነዛቸው ከትምህርት ሊያስቀሯት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

«ይሄ ትምህርት የምትሉት ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ» አሉኝ በወላይትኛ። አማርኛ አይሰሙም።

«ይምጡና ይዩ» አልኳቸው። ልጅቷን የማስቀረቱን ጣጣ ለጠፈር አስረክቤ ተገላገልኩ።

መጋዘኑ ገና የበቆሎ አቧራ ይሸታል። ሮኬት የተባለው የዘይት ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተበይዶ ነው፤ የዘይቱ ምልክት እንኳ በቀለም በቅጡ አልተሸፈነም። ጠፈርተኛ የተባለው ጭድ የጠቀጠቁት የዝናብ ካፖርት ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል ከአዲስ አበባ የመጣው አስረጂ በክራቫት ታንቆ፣ በዱላ እየጠቆመ፣ ጨረቃን ደርሶባት የተመለሰ ይመስል ይጎርራል። እንዲህ ያለ ባዶ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ቀጥሎ የፀሐይ ግርዶሽ ላሳያችሁ አለ። ፋኖሱ ፀሐይ፣ ኳሱ መሬት፣ አንድ የተጨማደደ ብርቱካን ደግሞ ጨረቃ ሆኑ። ብርቱካኑን ከኳሱ ጀርባ ያዘና «ይኸው፣ ፀሐይ ተጋረደች!» አለ። ፋኖሱ ኳሱ ላይ ቦግ ብሎ ይበራል። ምንም የተጋረደ ነገር የለም። እኔም ቆሜ አያለሁ፤ ስህተቱን ልብ አላልኩም።

ልጅቷ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ጨረቃው መሐል መግባት አለበት።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያትና ሳቁን ለቀቀው። «ጨረቃው? አለበት? ጨረቃ ወንድ ነው እንዴ? አንቺ መጀመሪያ አማርኛ ተማሪ፣ ጠፈሩ ይቆይሻል!»

ሊያይ የመጣው የከተማ ሰው ሁሉ ሳቀ። በወላይትኛ ጨረቃ ወንድ ነው። ልጅቷ በእናቷ ቋንቋ አስባ በእኛ ቋንቋ ተናገረች፤ ያጠፋችው ይኼን ብቻ ነው። ይህን ከዚያ ሁሉ ሳቂ ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ግን አፈርኩ፤ የእነዚህ ልጆች አስተማሪ መሆኔ አሳፈረኝ። ሳቁ ወደ እኔ እንዳይዞር ብዬ አብሬ ሳቅሁና «ጨረቃዋ፣ አለባት በይ» ብዬ በሰው ፊት አረምኳት።

እሷ ዓይኗን ከብርቱካኑ አልነቀለችም።

አባቷ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ ምን አጠፋች?»

ምንም አላጠፋችም፣ ይሄን ሁሉ ሰው ያስተማረችው እሷ ናት ማለት ነበረብኝ። እንዳልናገር የሚከለክለኝም አልነበረም። እኔ ግን «ቋንቋ ተሳሳተች» አልኳቸው።

«አራት ዓመት ተምራ ቋንቋውን እንኳ አላወቀችም?»

ልጆቹን ለመቁጠር ዞር አልኩ። ያን ሰውዬ ስንቀው የኖርኩት ለካ የራሴን ድርሻ እሱ ላይ እየጫንኩ ነው። እሱ ምን አለበት? ባለማወቁ ነው የሳቀው። የእኔ ሳቅ ግን እያወቅሁ የሳቅሁት ነው።

ሰኞ ስም ስጠራ እሷ ላይ ስደርስ «አቤት» የሚል ጠፋ። ደግሜ ጠራሁ። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ተነሣች።

«ጋሼ፣ እሷ ቀረ። ከእንግዲህ አይመጣም።»

አላረምኳትም።