ከጎጃም በረንዳ መስኮት የወጣ እጅ

ትእዛዙ የደረሰን ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጎጃም በረንዳን ያዙ፣ መጋዘኖቹን ከዝርፊያ ጠብቁ፣ ሰው ቤት አትግቡ። ጊዜው የ1983 ግንቦት ማለቂያ ነበር። እኔ የጋንታችን የሕክምና ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከፋሻ በቀር ምንም አልቀረም።

አብነት ሰፈር ስንደርስ ከአንድ ፎቅ ላይ ተተኮሰብን። ተኛን። መለስን። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሁለት ሰዓት ላይ መጋዘኖቹን ይዘን ነበር።

ያኔ ከድር የሚባል ነጋዴ ሁለት እጁን አንስቶ ከበሩ ብቅ አለ። ቦርሳዬን አይቷል።

«እህቴ፣ ሐኪም ነሽ? ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። አራት ቀኗ ነው፣ ውሃ እንኳ አይረጋላትም። ሐኪም ቤት እንዳልወስዳት መንገዱ ይተኮስበታል። ሁለቱንም ማጣቴ ነው።»

«መግባት አልችልም፤ እጇን በመስኮት ታውጣልኝ» አልኩት።

ሚስቱ ሙኒራ እጇን አወጣች። በበረሃ ሆስፒታል ያስተማረን ሐኪም ቻይና የተማረ ነበር። መድኃኒት ሲያልቅብን ማቅለሽለሽ ለያዘው ሰው ከእጁ አንጓ ሦስት ጣት ወደ ክርን ከፍ ብለን፣ በውስጥ በኩል በሁለቱ ጅማቶች መካከል እንድንጫን አሳይቶናል።

«ክኒኑስ?» አሉ የከድር እናት ከውስጥ።

«የለም፣ እናቴ።»

«ጠመንጃ ሞልቷችሁ ክኒን የላችሁም?»

ጓዶቼ ሳቁ። በሦስት ጣቴ ለክቼ ተጫንኩ። ሙኒራ ወዲያው አስመለሳት።

«ጭራሽ አባሰችባት» አሉ አሮጊቷ።

የኔን ወፍራም ጣቶች ከሷ ቀጭን ክንድ ጋር ሳይ ስህተቴ ገባኝ። የሚለካው በታማሚው ጣት ነው። የሌላኛውን እጇን ሦስት ጣቶች አንጓዋ ላይ አስደግፌ እንደገና ለካሁ። ቦታው ዝቅ አለ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩ፤ ቀስ ብዬም አሸሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ ዋጠች። ጠበቅን። አልወጣም። ደገመች። ሰለሰች። ከድር ግድግዳውን ተደግፎ ብቻውን ይስቅ ጀመር። አምስት ሰዓት ሲሆን ከመስኮቱ ደካማ ድምፅ ተሰማ። «ቆጮ በአይብ ባገኝ።»

«መንገዱን እነዚህ ዘግተውት አይብ ከየት ላምጣልሽ?» አሉ አማቷ፤ ድምፃቸው ግን እንባ ነበረበት።

የጋንታ መሪያችን ንግግሩን ሰምቶ መጣ። «ትእዛዝ ጥሰሽ ቤት ገባሽ?»

«አልገባሁም። እጇ ነው የወጣው።»

መሪው ኮዳውን ፈትቶ በመስኮቱ ለሙኒራ አቀበላት።

የዳነችው በጣቴ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ እስከዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ውሃው ግን ረግቶላታል።

ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተሰልፈን ተቆጠርን። ሃያ ስድስት ሆነን ገብተን ሃያ አራት ቀርተናል። ሁለቱ አብነት ላይ ወድቀዋል። መሪያችን ስማቸውን ከዝርዝሩ ሲሰርዝ እኔ የሕክምና ደብተሬን ከኪሴ አውጥቼ «ሙኒራ፣ ነፍሰ ጡር፣ ውሃ ጠጥታለች» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ ወደ ማለቂያው ደርሶ ነበር፤ ጥይት ወይም ፈንጂ ያላቆሰላት የመጀመሪያዋ ታካሚዬ እሷ ነበረች።