ልጅቷ የጅቡን እህል ቀምሳለች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኪሮስ ማይኩን እጄ ላይ አስቀመጠና አንድ መመሪያ ብቻ ሰጠኝ፤ «የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ዝም እንዳትል።» ኪሮስ ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የዕለቱ ፊልም የህንድ ነው። ህንድኛ አላውቅም አልኩት። «እነሱስ መቼ ያውቃሉ?» አለና አምፕሊፋየሩን ከፈተው።

ተርጓሚ የሆንኩት እንዲህ ነው። አሠራሩን ለማያውቅ ልንገረው። ከስክሪኑ ጎን በርጩማ ላይ ትቀመጣለህ። በግራ እጅህ ማይክ፣ በቀኝህ የድምፅ ቁልፉን ትይዛለህ። ተዋናዩ አፉን ሲከፍት የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርገህ ትገባለህ፤ ሲዘጋ ትወጣለህ። ሴት ስትናገር ድምፅህን ለማቅጠን አትሞክር፣ መሳቂያ ትሆናለህ።

ከሁሉ በላይ ግን አንዴ የተናገርከውን አትለውጥም። አንድ ጊዜ ወንድሟ ነው ያልኩት ሰውዬ መጨረሻ ላይ አገባት። ቤቱ ተንጫጫ። «ማደጎ ነው፣ ዛሬ ነው የተነገራቸው» ብዬ ተወጣሁት። ሰው የሚጠላው ተርጓሚ ሲዋሽ ሳይሆን ሲያመነታ ነው።

በኋላ ሁሉም ፊልሙን በየስልኩ ማየት ጀመረና ቪዲዮ ቤት ሞተ። ኪሮስ ወንበሮቹን ሸጦ የጌም ማሽን ገዛ። እኔን ያባርረኛል ብዬ ልብሴን ሁሉ አጣጥፌ ነበር። እሱ ግን ጌሙን ትንሽ አየና፣ «እነዚህም አፍ አላቸው» አለኝ። በአካባቢው የጌም ተርጓሚ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር። ከዋጃም ከሮቢትም ይመጡልን ነበር።

አንድ ቀን ኪሮስ አዲስ ጌም ጫነ። ታሪኩን አወቅሁት፤ በልጅነታችን አስተማሪያችን ያነበቡልን ተረት ነው። ልጅቷ ለአያቷ ምግብ ይዛ በጫካ ስትሄድ አውሬ ቀድሟት ይደርሳል፣ አያትየውን ይበላል፣ ልብሷን ለብሶ ይተኛል። ፈረንጅ ምን እንደነካው እንጃ፣ ተረቷን ሲኦል አድርጓታል። ዛፉ ሲነካ ይደማል። መንገድ ዳር የተሰቀሉ አሻንጉሊቶች ያለቅሳሉ። ልጅቷ ቅርጫቷ ውስጥ ከምግቡ ጋር መጥረቢያ ይዛለች።

አውሬው ቀበሮ ይመስላል። ቆቦ ላይ ቀበሮ ብል ማን ይፈራል? ጅብ አደረግሁት። ጫካውን የጎሊና ወንዝ ዳር፣ የአያትየውን ቤት ሮቢት አደረግሁት። አንዱ ከኋላ፣ «ሮቢት ድረስ በባጃጅ አትሄድም እንዴ?» አለ። «ቤንዚን የለም» አልኩ። ያን ሰሞን እውነትም ቤንዚን ጠፍቶ ስለነበር ማንም አልተከራከረኝም።

ጆይስቲኩን የያዘው እንድሪስ ነበር። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቤንዚን ስለጠፋ ከእኛ ቤት አይጠፋም። አጠገቡ ጓደኛው ሰኢድ ተቀምጧል። እንድሪስ የሰኢድን እህት ፋጡማን አጭቶ ኒካሁ ማሽላው ታጭዶ ሲያልቅ እንዲሆን ተቀጥሯል። ሁለቱ ከአንድ ሳህን ካልሆነ አይበሉም።

ልጅቷ ቤቱ ደረሰች። ጅቡ የአያትየውን ሻሽ አስሮ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ጠረጴዛው ላይ ሳህን ሙሉ ወጥ አለ። የጅቡ አፍ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ፣ «ነይ ልጄ፣ ደክሞሻል፣ መጀመሪያ እህል ቅመሽ» አልኩ። ልጅቷ ተቀምጣ በላች። ከዚያ ጅቡ ሻሹን ጣለና ተነሣ፤ መጥረቢያውን ለማንሳት ቁልፍ ተጫን የሚል ምልክት መጣ።

«ተው፣ እህሉን ቀምሳለች» አለ ሰኢድ።

እንድሪስ ሳቀና ተጫነ። እጁ ፈጣን ነው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ ሰኢድ ግን ተነሥቶ ወጣ።

ያየውን ምሳ ላይ ለአባቱ ነገራቸው። ሼህ ይማም የማሽላ ገበሬ ናቸው፤ ደም የተቃባ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌም ናቸው። ጌም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ቢሆንም በማግስቱ ለእንድሪስ መልእክት ላኩለት፤ «እህል ያበላውን በመጥረቢያ የሚመታ አማች አልፈልግም። ኒካሁ ቀርቷል።»

እንደ ቀልድ አይተነው ነበር። ከቀትር በፊት ፋጡማ ራሷ ጌም ቤቱ ገባች። ሴት ገብታበት ስለማታውቅ ኪሮስ ደንግጦ ማሽኑን አጠፋው። እንድሪስ ፊት ቆመች።

«አንዲት ቁልፍ መተው አቃተህ?» አለችው።

«ጅብ ነው እኮ ፋጡ።»

«አባዬ ጅብ አይደለም አላለም።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «አባዬ ሰው አንዴ ከገፋ አይመልስም። አንተ አታውቀውም።»

እሷ ከወጣች በኋላ እንድሪስ ጆይስቲኩን እንደያዘ አለቀሰ። አንጀቴን በላው። ያን ቀን ማንም አልተጫወተም።

እንድሪስ ሽማግሌ ላከ። ሼህ ይማም እሺ አሉ፤ ነገር ግን ደም የፈሰሰበትን ቦታ ሳላይ አልናገርም ስላሉ ሽምግልናው የተቀመጠው ጌም ቤቱ ውስጥ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ወጣቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዱዓ ተደረገ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ።

«የጅቡ ወገን የታለ?» አሉ ሼህ ይማም። «በሌለበት አንፈርድበትም።»

ሰው ሁሉ ኪሮስን አየው። «ቤቱ የኔ ነው እንጂ ጅቡ የኔ አይደለም» አለ ኪሮስ። ቤትህ ውስጥ ነው የሚኖረው ተብሎ በጅቡ በኩል ተቀመጠ።

በእንድሪስ በኩል አያ ሞላ ተነሡ፤ እንድሪስን በጉርብትና ያሳደጉ አንደበተ ርቱዕ ሰው ናቸው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኼኛው ሳይነጠፍለት አልጋ ላይ ወጣ። ቤቱ የሱ አይደለም። እህሉም የሱ አይደለም። ሰማችሁ ወይ፣ ወጡ ከአሮጊቷ ሥጋ የተሠራ ነው፤ ያበላት የገዛ አያቷን ነው!»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ነገሩ ከብዷቸዋል።

«ስትበላ ታውቃለች?» አሉ ሼህ ይማም ወደ እኔ ዞረው።

«ስትበላ አታውቅም» አልኩ።

«እንግዲያ በእንግድነት ነው የበላችው። ሳህኑ ላይ ያለው ምንም ይሁን፣ ከእጁ ተቀብላ በልታለች። የበሉት እህል ይፋረዳል።»

አያ ሞላ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ «አያትየው ብትጠየቅስ?» አሉ። ተበልታለች ተባሉ። «አዎ፣ ረሳሁት» ብለው ተቀመጡ።

ሼህ ይማም ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «እኔ ጅቡን አላውቀውም። የማውቀው ልጄን ለማን እንደምሰጥ ነው። ልጁ ይቀመጥና እጁን ልየው።»

እንድሪስ ተቀመጠ። ጆይስቲኩን አነሣ። ልጅቷ በሩን አንኳኳች፣ ገባች። ጅቡ አፉን ከፈተ፤ እኔም የቀድሞውን ቃል አንዲት ሳልቀንስ ደገምኩ። በላች። ጅቡ ተነሣ። የመጥረቢያው ምልክት መጣ።

እንድሪስ ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠና በእግሩ ገፋው።

ጅቡ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዘሎ ልጅቷ ላይ ወደቀባት። ስክሪኑ ቀይ ሆነና መሐሉ ላይ ሁለት ቃል ወጣ። እነዚያን ሁለት ቃላት ጌም ቤት የሚውል ሁሉ በስሙ ፈንታ ሊጽፋቸው ይችላል። ተሸንፈሃል፣ ሞተሃል ማለት ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ ሼህ ይማም።

ቤቱን አየሁት። ኪሮስ ጣራ ጣራ ያያል። ሰኢድ ከንፈሩን ነክሷል። እንድሪስ ግን ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ።

«ታርቀዋል ይላል» አልኩ።

ሼህ ይማም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «አየሁት እኮ፣ ዘሎ አቀፋት። ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው።»

«ቀዩስ?»

«የዕርቅ ምንጣፍ ነው።»

አንድ ሰው ቢስቅ ነገሩ ሁሉ ያበቃለት ነበር። ያ ሁሉ ጎረምሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሁሉም ማንበብ ይችላል፤ አንድም አፉን አልከፈተም። መጀመሪያ «አሚን» ያለው ሰኢድ ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ አሚን አለ፤ በጅቡ ስም ኪሮስም ጭምር።

ኒካሁ በቀጠሮው ሆነ። ድግሱ ላይ ሼህ ይማም አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና በጆሮዬ፣ «ያ ሰውዬ ደህና ነው?» አሉኝ። ጅቡን ማለታቸው ነው። «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎዎታል» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ሥጋም ጨመሩልኝ።

አሁን ጌም ቤቱ ተዘግቷል፤ እኔም ወደ ወልድያ ለሚሄዱ ሚኒባሶች ተሳፋሪ እጠራለሁ። ሥራውን የሚጀምር ካለ የማውቀውን እነግረዋለሁ። ተርጓሚ ቋንቋውን ባያውቅ ይሠራል። የሚሰማው ሰው ምን ጉዳይ ይዞ እንደተቀመጠ ካላወቀ ግን አይሠራም።