ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አላነሳም

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የሱቅ ሰሌዳውም፣ የመድኃኒቱ ወረቀትም፣ የፍርድ ቤት መጥሪያውም ለእኔ አንድ ነበር፤ ሰው ለምኜ ነበር የማስነብበው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በጉልምስናው ማንበብ የጀመረ ሰው እንዴት ያለ ትዕቢት እንደሚይዘው እንዲታወቅልኝ ነው። ትናንት ያልነበረህን ዓይን ዛሬ ስታገኝ ሌላው ሁሉ ዕውር ይመስልሃል። እኔም ካሜራ የያዝኩት በዚያ ትዕቢት ላይ ሆኜ ነው።

ካሜራውን የሸጠችልኝ ከዓረብ አገር የተመለሰች ጎረቤቴ ናት። የምሠራው ደብረ ታቦር አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፤ መብራቱ ደግሞ መጥፋት አይሰንፍም። ያኔ ዱቄቴን አራግፌ መንገድ እወጣለሁ። ሸክም ከብዶት የአንገቱ ሥር የተገተረ ሰው፣ ባጃጁ ውስጥ አፉን ከፍቶ የተኛ ሾፌር፣ ዝናብ ሲመጣ አንድ ላስቲክ ተከናንበው በረንዳ ላይ የተጣበቁ የማይተዋወቁ ሰዎች፤ የማነሳው ይህን ነበር። ሳያውቁ፣ ሳይዘጋጁ። አንዳንዱ ሰላይ ነው ይለኛል። በዚህ ዘመን ካሜራ ይዞ መንገድ መቆም ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስቁመው ፈትሸውኛል። አልተውኩም።

እኛ አገር ሰው ፎቶ የሚነሳው ታጥቦ፣ ለብሶ፣ እጁን ጎንና ጎኑ ላይ አድርጎ፣ ጥርሱን ደብቆ ነው። ፎቶ ለግድግዳና ለለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት በሠልስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ፎቶው ድንኳኑ መሃል ይወጣል፤ ዘመድ አዝማድ እየተቀባበለ ያለቅስበታል። እኔ ይህን ንቄው ነበር። “ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አላነሳም። ቀጥ ብሎ የሚቆም ግንድ ነው” እል ነበር። ሰዎች ሲስቁልኝ ደግሞ እደጋግመዋለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት በርበሬ ሻጭ ነበረች፤ ሳትሰድበኝ አታሳልፈኝም።

“አንተ ዱቄታም! ደግሞ መጣህ? ፊቴን የት ነው የምትወስደው?”

“የትም አልወስደውም። ይኸው እዚህ አለ።” ካሜራውን አዙሬ አሳየኋት። አፏን ከፍታ እየሳቀች ነበር ያነሳኋት።

“ውይ! በቅሎ አስመሰልከኝ እኮ! ባሌ ሳያየኝ አጥፋው!”

“ምን ቸገረሽ” አለቻት አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው፤ “በቅሎ ማግባቱን እንደሆን ባልሽ ያውቃል።”

ተንከተከቱ። ፎቶውን አላጠፋሁትም።

ታላቅ ወንድሜም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። ጋፋት በኩል ነው የሚያርሰው። አሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ፊት ለፊቱ አንቱ ነበር የምለው። እዚህ ግን እሱ እላለሁ፤ አንቱ ብዬ ስጽፍ የራቀ ሰው ይመስለኛል።

አንድ ቅዳሜ አህያውን እየነዳ አገኘኝ።

“እኔንስ?” አለኝ።

“እርስዎን ምን?”

“የከተማውን ሰው ሁሉ ታነሳለህ አሉ። እኔን መቼ ነው?”

“አሁን ላንሳዎታ፤ እንዲሁ እንዳሉ።”

“እንዲህ ሆኜ? የአህያ ጭራ ይዤ? የለም። ለፋሲካ ተላጭቼ፣ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ፣ ያኔ ቁመቴን ታነሳኛለህ።”

“እንደዚያ ያለ አላነሳም ወንድምጋሼ። ፎቶ ቤት ይሂዱ።”

“ፎቶ ቤቱ ወንድሜ ነው እንዴ?” ብሎኝ አህያውን ነዳ።

ሦስት ፋሲካ አለፈ። በሦስቱም ተላጭቶ፣ ነጩን ለብሶ ጠበቀኝ። እኔም በሦስቱም ካሜራዬን ቤት ትቼ ሄድኩ። በመጨረሻው ፋሲካ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት “እኔ የምሠራው ጥበብ ነው፤ ገበሬ ማስጌጥ አይደለም” አልኩት። ፊደል ልማር ባልኩ ጊዜ “ሂድ፣ የድርሻህን መሬት እኔ አርስልሃለሁ” ብሎ የላከኝን ሰው ነው እንዲህ ያልኩት። ጠላ ቀዳልኝ።

ዘንድሮ፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ሆዱን ቆረጠው። በዚያ ሳምንት መንገዱ ለመኪና ዝግ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ከተማ ሲወጡ መንገድ ላይ አረፈ። ያንኑ ዕለት ቀበርነው።

ከቀብር እንደተመለስን ሚስቱ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

“ዋርሳዬ” አለችኝ፤ የባሏን ወንድም እንዲያ ነው የምትለው። “ፎቶውን ለሐሙስ አድርስልኝ።”

“የቱን ፎቶ እትዬ?”

“የቱን ትለኛለህ? ይህን ሁሉ ዓመት አገር ምድሩን ስታነሳ ኖረህ የለም? አንድ ፊት ስጠኝ። ፊቱን ሳላይ፣ በባዶ ድንኳን አላለቅስም።”

“እሺ” አልኳት። ዋሸሁ። ፊቱ የሚታይበት ምንም ፎቶ እንደሌለኝ አውቅ ነበር። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ እንዳስተልቀው፣ አንድ ክረምት ኪሱ ውስጥ ዝናብ ገብቶበት ፊቱ ታጥቧል፤ የቀረው የማኅተሙ ሰማያዊ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የናቅሁት ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ያነሳሁትን ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ገልብጦ አንድ በአንድ ያሳየኝ ጀመር። ቀትር አለፈ። የማላውቀው ሰው ሁሉ አለ። የወንድሜ ግን አንድ ብቻ ተገኘ፤ ጤፍ ተሸክሞ ከጀርባው፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ። አትሜ ቤቴ የሰቀልኩት፣ የምኮራበት ፎቶ ነው።

“ይሄ?” አልኩት።

“ይሄማ ጀርባ ነው ወንድሜ። ጀርባ ላይ ማን ያለቅሳል?”

ቀጠልን። የበርበሬ ሻጯ ፎቶ ላይ ስንደርስ ላልፈው ስል እጁን አነሳ።

“ቆይ። ከኋላዋ ያለው ማነው?”

ከኋላዋ፣ በላስቲክ ዳሱ ጥግ፣ አንድ ሰው ከአህያው አጠገብ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቋል። ጋቢውን በሁለት ትከሻው አስተካክሏል። እጆቹ ጎንና ጎኑ ላይ ናቸው፤ አገጩ ቀና ብሏል። እኔን ነበር የሚያየው፤ ካሜራዬን።

ወንድሜ ነበር። ካሜራው ወደ እሱ የዞረ መስሎት ይሁን፣ ወይም “ይህ ትዕቢተኛ ወንድሜ ሳያውቅ ልነሳ” ብሎ ይሁን፣ አላውቅም። ፎቶውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከሴትዮዋ ጥርስ አልፌ አይቼ አላውቅም።

“በለው፣ አግኝተናል!” አለ ባለ ፎቶ ቤቱ፤ ፊቱን አስጠግቶ አተለቀው። በተለቀ ቁጥር ፊቱ እየፈረሰ ሄደ። ካሜራው ያጠራው ሴትዮዋን ነው። ወንድሜ የተበጠበጠ ሊጥ ላይ ያረፉ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች ሆነ።

ሰውየው ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና አስተውሎ አየኝ።

“ትመሳሰላላችሁ?”

“ይሉናል።”

“እንግዲያው አንተን ላንሳህ። ገላውን ከዚህ፣ ፊቱን ካንተ እወስዳለሁ። ሽበት እጨምርበታለሁ፣ ጉንጩን አጎደጉደዋለሁ። ለሌላም ሰው ሠርቻለሁ፤ ማንም አላወቀ።”

“በሬሳ መቀለድ ነው ይሄ።”

“እንደፈቀድክ። ነገ ሐሙስ ነው።”

ከመጋረጃው ፊት ተቀመጥኩ። ከእሱ ዘንድ የነበረ የተጣጠፈ ጋቢ ደረበልኝ።

“ቀና በል። ትከሻህን አትጣል። አገጭህን አውጣ፣ ጥርስህን ደብቅ። ዓይንህን እንባ ሞልቶታል፣ ጥረገው፤ የሞተ ሰው አያለቅስም።”

ያለኝን ሁሉ አደረግሁ።

ሐሙስ ጠዋት ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልዬ ጓሮ ሰጠኋት። ገለጠችው። ፎቶውን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች፣ መልሳ ፎቶውን አየች። በያዘችው ፍሬም ፊቴን ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

“አንድም አልነበረህም?” አለችኝ።

“አልነበረኝም።”

“ከዚያ ሁሉ ገበያ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው?”

“አንድም፣ እትዬ።”

ከድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ይጠሯት ጀመር። ሠልስተኛው ሞልቶ ነበር። ነጠላውን መሬት ጥላ ፎቶውን ከራሷ በላይ አንስታ ገባች። ጩኸቱ አንድ ላይ ተነሳ። “ወይኔ ያ ዓይን!” አለች አንዷ፤ “ወይኔ ያ ግንባር!” አለች ሌላዋ። ዓይኑም ግንባሩም የእኔ ነው። ዓይናቸው የደከመ አክስታችን መስተዋቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሳሙት። እኔ ምሰሶው ጥግ ቆሜ ለራሴ ሲለቀስልኝ አየሁ። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው “አይዞህ” አሉኝ፤ “ደግነቱ አንተ አንስተህለት ነበር። ፎቶ አንሺ ወንድም ያለው ታደለ።”

ፎቶው አሁን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው። ለማንም አልተናገረችብኝም። ስሄድ ከፎቶው ሥር ታስቀምጠኝና ከእኔ ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትቀመጣለች። ሁለታችንን አንድ ላይ ማየት አትፈልግም። አልፈርድባትም።

ካሜራው አለ። መብራት ሲጠፋ ይዤው እወጣና ሰው ሳላነሳ እመለሳለሁ። ያስጨነቀኝ ግን እሱ አይደለም። ወንድሜ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ በልጅነቱ በሬ ወግቶት። በግራ ይሁን በቀኝ ጠፋብኝ። ሚስቱን እንዳልጠይቅ ምን ዓይን አለኝ? ዓይኔን ጨፍኜ ፊቱን ልፈልግ እሞክራለሁ። የሚመጣልኝ ያ ከመጋረጃው ፊት የተቀመጠው ሰው ነው፤ ሽበት ተቀብቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ቅንድቡ ላይ ምንም ሳይኖር።